የድምፅ ብልጫ እስከ የት ድረስ ይገዛል?

ዲሞክራሲ ማለት በሕዝብ ፈቃድ መተዳደር ማለት ነው። የሕዝብ ፈቃድ የሚታወቀው በድምፅ ነው፤ ድምፅም በተቆጠረ ጊዜ የሚበልጠው ያሸንፋል፣ የሚያንሰው ይታዘዛል። አንድ ገዢ ብቻውን ከሚወስነው፣ የጦር አለቃም በጠመንጃ ከሚያስገድደው፣ ሕዝብ መክሮ የወሰነው እንደሚሻል ብዙ አገሮች በብዙ ደም ተምረውታል። ስለዚህ የዚህን ሥርዓት መልካምነት የሚክድ አስተዋይ ሰው ጥቂት ነው። ነገር ግን አንድ ጥያቄ ገና አልተዘጋም። ይኸውም፣ የሚበልጠው ወገን በድምፅ ሊወስነው የማይገባ ነገር አለን? ካለስ ያንን ነገር ከብዙኃኑ እጅ የሚጠብቀው ማን ነው? የሚል ነው።

ስለ ሃይማኖት ነፃነት ሲነገር ምሳሌው ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከአምባገነኖች አገር ነው። ይህ ግን ጥያቄውን ያቀለዋል፤ አምባገነን በሃይማኖት ብቻ ሳይሆን በሁሉም ይበድላልና። ጥያቄው የሚከብደው ሕዝቡ በእውነት በሚገዛበት አገር ነው። ለዚህ ደግሞ ስዊስን የመሰለ ምሳሌ በቀላሉ አይገኝም። በዚያ አገር 100,000 መራጮች በ18 ወር ውስጥ ከፈረሙ ሕገ መንግሥቱ ራሱ እንዲሻሻል ሐሳብ ለሕዝብ ማቅረብ ይችላሉ። ሐሳቡ የመራጩን ሕዝብ ብልጫና ካንቶን የሚባሉትን ግዛቶች ብልጫ ካገኘ ሕገ መንግሥት ይሆናል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኖቬምበር 29 ቀን 2009 እሑድ ዕለት የስዊስ ሕዝብ አንድ አጭር ዐረፍተ ነገር በሕገ መንግሥቱ ላይ እንዲጨመር ወሰነ። የዐረፍተ ነገሩ ሐሳብ ሚናሬት፣ ማለት የመስጊድ ማማ፣ መሥራት የተከለከለ ነው የሚል ነበረ። ድምፅ ከሰጡት መካከል 57.5 ከመቶ የሚሆኑት ደገፉት፤ ከካንቶኖችም የሚበዙት ተቀበሉት። በዚያን ጊዜ በአገሩ ሁሉ የነበሩት ሚናሬቶች አራት ብቻ ነበሩ። ለክርክሩ መነሻ ከሆኑት ነገሮች አንዱ በሶሎተርን ካንቶን፣ በቫንገን መንደር የሚገኝ አንድ የቱርኮች ማኅበር በቤቱ ጣራ ላይ ስድስት ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ማማ ለማቆም ፈቃድ መጠየቁ ነው። ጎረቤቶች ተቃወሙ፤ ጉዳዩ እስከ አገሩ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ፈቃዱም ጸና፤ ማማውም ቆመ። በመንደር ያልተሳካው ክልከላ ግን በአገር ደረጃ ተሳካ። መንግሥቱና ምክር ቤቱ፣ የካቶሊክ ጳጳሳት ጉባኤ፣ የፕሮቴስታንት አብያተ ክርስቲያናት ማኅበር፣ የአይሁድም ማኅበር ሕዝቡ ክልከላውን እንዳይቀበል መክረው ነበር። ምክራቸው አልተሰማም።

በዚህ ውሳኔ ውስጥ የድምፅ ማጭበርበር አልነበረም። ማንም አልታሰረም፣ ማንም አልተገደለም፤ መስጊዶችም አልተዘጉም። ስለዚህ ብዙ ሰዎች ነገሩን እንደ ትንሽ ነገር ቈጠሩት። ይሁን እንጂ ልብ ብሎ ለተመለከተው ሰው ትንሽ አይደለም። ሕጉ ከዚህ ቁመት በላይ ግንብ አይሠራ አላለም፤ እንዲህ ቢል ኖሮ ለቤተ ክርስቲያን ደወል ቤትም ለመስጊድ ማማም እኩል በሆነ ነበር። ሕጉ የአንድን ሃይማኖት ሕንፃ በስሙ ጠርቶ ከለከለ። የዚያው ሕገ መንግሥት 15ኛ አንቀጽ ደግሞ ለሰው ሁሉ የሃይማኖትና የኅሊና ነፃነትን ያረጋግጣል። እንግዲህ በአንድ መጽሐፍ ውስጥ አንዱ ገጽ የሰጠውን ሌላው ገጽ ነሣው ማለት ነው።

ይህ ነገር በስዊስ የመጀመሪያው አልነበረም። ሕዝብ ፊርማ አሰባስቦ የሕገ መንግሥትን አንቀጽ የማሻሻል መብት በ1891 ተሰጠ። በዚህ መብት የመጀመሪያ ሆኖ የጸደቀው ሐሳብ ኦገስት 20 ቀን 1893 የተወሰነው ሲሆን፣ እንስሳ ሳይደነዝዝ እንዳይታረድ የሚከለክል ነበረ። ክልከላው በቃል ስለ እንስሳ ይናገር እንጂ፣ የመታው በሕጋቸው መሠረት ያልደነዘዘ እንስሳ የሚባርኩትን አይሁድ ነው። ከደጋፊዎቹ አንዳንዶቹ በእውነት ለእንስሳ የሚራሩ ነበሩ፤ ሌሎቹ ደግሞ አይሁድን የሚጠሉ ነበሩ። የድምፅ ሣጥን ግን ርኅራኄንና ጥላቻን ለይቶ አይቈጥርም። 60 ከመቶ ያህሉ ደገፉት፤ ሕግም ሆነ። ክልከላው በኋላ ከሕገ መንግሥቱ ወጥቶ ወደ እንስሳት ጥበቃ ሕግ ተዛወረ እንጂ እስከ ዛሬ አልተሻረም። በኢትዮጵያ የክርስቲያኑና የሙስሊሙ ቢላዋ የተለየ መሆኑን የሚያውቅ አንባቢ፣ የአራጅ ነገር ለሃይማኖት ምን ያህል ቅርብ እንደሆነ ማስረጃ አይሻም።

ከዚያም በፊት በ1874 በሕዝብ ድምፅ የጸደቀው የስዊስ ሕገ መንግሥት የኅሊናና የእምነት ነፃነት የማይደፈር ነው ካለ በኋላ፣ ጥቂት አንቀጾች አለፍ ብሎ ኢየሱሳውያን የሚባሉትን የካቶሊክ መነኰሳት ከአገሩ ሥራ አገለለ፤ አዲስ ገዳም መመሥረትን፣ የተዘጋውንም ገዳም መልሶ ማቋቋምን ከለከለ። ብዙኃኑ በዚያን ጊዜ የሮማን ሥልጣን ይፈሩ ነበርና ገዳምን እንደ ባዕድ ኃይል ምሽግ ቈጠሩት። ይህ አንቀጽ ሁልጊዜ በጥብቅ ባይፈጸምም፣ የተሻረው ሜይ 20 ቀን 1973 በሌላ የሕዝብ ድምፅ ነው፤ የደገፉትም 55 ከመቶ ያህል ብቻ ነበሩ። ከ1874 እስከ 1973 ድረስ 99 ዓመት ነው። በዚህ መካከል ገዳም ሊያቀና አስቦ ሳይፈቀድለት የሞተ ሰው፣ ሕዝቡ በኋላ ማስተዋሉ ምን ጠቀመው?

ሦስቱ ክልከላዎች ጐን ለጐን ሲታዩ አንድ የጋራ ጠባይ ይገለጣል። በሦስቱም ጊዜ ብዙኃኑ ሃይማኖት እንቃወማለን አላሉም። ገዳም የፖለቲካ ምሽግ ነው፣ ሃይማኖት አይደለም አሉ። አስተራረድ የርኅራኄ ጉዳይ ነው፣ ሃይማኖት አይደለም አሉ። ሚናሬት የሥልጣን ምልክት ነው፣ ሙስሊም ያለ ሚናሬት መጸለይ ይችላል አሉ። ስለዚህ የብዙኃን ድምፅ ድንበሩን የሚያልፈው ብዙ ጊዜ ሰይፍ መዝዞ አይደለም፤ የሌላው ሰው ሃይማኖት ሊቅ ሆኖ ነው። ይህ ያስፈልግሃል፣ ይህ አያስፈልግህም ብሎ ይፈርዳል። ነገር ግን ለአንድ እምነት ምን እንደሚያስፈልገው የሚያውቀው የሚያምንበት ነው እንጂ የሚበዛው አይደለም። ያለ ሚናሬት መጸለይ እንደሚቻል ሁሉ ያለ ደወልም፣ ያለ ጥምቀት ዑደትም፣ ያለ ቆብም መጸለይ ይቻላል። ይህ ሁሉ አንድ በአንድ አያስፈልግም ተብሎ ከተወሰደ በኋላ የሚቀረው፣ በልብ ውስጥ የተደበቀና ማንም ሊወስደው የማይችል እምነት ነው። እርሱንማ በዲዮቅልጥያኖስ ዘመን የነበሩትም ነበራቸው፤ ነፃነት ነበራቸው ግን አይባልም።

በኢትዮጵያ አገር የጋራ ነው፣ ሃይማኖት የግል ነው የሚል የታወቀ አነጋገር አለ። ይህ አነጋገር መንግሥት በማንም እምነት ላይ እንዳይፈርድ ለማለት ከሆነ እውነት ነው። ሃይማኖትን በቤትህ ደብቀው፣ አደባባዩ የብዙዎች ነው ለማለት ከሆነ ግን ስሕተት ነው። አገር የጋራ ከሆነ አደባባዩም የጋራ ነው፤ የጋራ የሆነውን ደግሞ ጥቂቶቹም ይካፈሉታል።

በሌላ ወገን የአሜሪካን ታሪክ መመልከት ይገባል። በፔንሲልቬንያ፣ ማይነርስቪል በምትባል ከተማ፣ የይሖዋ ምስክሮች የሚባሉት ወገኖች ልጆች የሆኑ አንዲት እኅትና ወንድሟ በ1935 ለሰንደቅ ዓላማ ሰላምታ አንሰጥም በማለታቸው ከትምህርት ቤት ተባረሩ። ምክንያታቸው በኦሪት ዘጸአት ለተቀረጸ ምስል መስገድ የተከለከለ ነው የሚል ነበረ። ነገሩ ሠለስቱ ደቂቅ በናቡከደነፆር ምስል ፊት ከቆሙበት ነገር ጋር ይመሳሰላል ቢሉ የሚሰማቸው አልነበረም። የአገሩ የበላይ ፍርድ ቤት በ1940 ዓ.ም. ስምንት ለአንድ በሆነ ድምፅ ፈረደባቸው። ከፍርዱም በኋላ በልዩ ልዩ ስፍራ በእነዚህ ሰዎች ላይ ድብደባ ደረሰ፤ በሜይን ግዛት በኬኔበንክ ከተማ የጸሎት አዳራሻቸው ተቃጠለ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ጁን 14 ቀን 1943፣ የዌስት ቨርጂኒያ ግዛት ጉዳይ በመጣ ጊዜ ያው ፍርድ ቤት ስድስት ለሦስት በሆነ ድምፅ የቀድሞ ፍርዱን ሻረ። አሜሪካ በዚያን ጊዜ በታላቅ ጦርነት ውስጥ ነበረች፤ የሰንደቅ ዓላማ ፍቅር ከምንጊዜውም የበረታበት ወቅት ነበረ። ፍርዱን የጻፉት ዳኛ ሮበርት ጃክሰን ያስረዱት ሐሳብ፣ የመብት ድንጋጌዎች የተጻፉት አንዳንድ ነገሮችን ከፖለቲካ ትግል አውጥቶ ብዙኃንና ሹማምንት ከማይደርሱበት ስፍራ ለማኖር ነው፤ የእምነትና የአምልኮ ነፃነትም በምርጫ ውጤት ላይ የሚንጠለጠል አይደለም የሚል ነው።

በዚህ ፍርድ ላይ ብርቱ ተቃውሞ የጻፉትን ዳኛ ፌሊክስ ፍራንክፈርተርን አለመስማት ግን ፍትሕ አይሆንም። እርሳቸው በቪየና የተወለዱ አይሁዳዊ ነበሩ፤ በታሪክ ከሁሉ ይበልጥ ከተሰደደው ወገን መሆናቸውንም በጽሑፋቸው መግቢያ ላይ አስታውሰዋል። ተቃውሟቸውም ጥቂቶችን ከመጥላት የመጣ አልነበረም። ዳኞች በሕዝብ ያልተመረጡ ጥቂት ሰዎች ናቸው፤ ሕግ አልወደድነውም ብለው የሕዝብ እንደራሴዎች ያወጡትን ቢሽሩ፣ ያ በራሱ የጥቂቶች አገዛዝ ይሆናል። ከዚህም በላይ ነፃነቱን ሁልጊዜ ፍርድ ቤት እንዲጠብቅለት የለመደ ሕዝብ ራሱ መጠበቁን ይረሳል፤ የሚሉ ነበሩ። ይህ ክርክር በቀላሉ የሚጣል አይደለም። በ1940 ሁለቱን ልጆች የፈረደባቸው ራሱ ፍርድ ቤት መሆኑም የሚያስታውስ ነገር አለ፤ ፍርድ ቤትም ይሳሳታል።

ሆኖም መልስ አለው። አንደኛ፣ ሕገ መንግሥት ከሰማይ የወረደ የዳኞች ሥልጣን አይደለም፤ ሕዝቡ ልቡ በረጋ ጊዜ፣ ልቡ በሚታወክበት ጊዜ እንዳያደርግ ራሱን ያሰረበት ቃል ኪዳን ነው። ሰው በጤናው ጊዜ የተሳለውን ስእለት በቁጣው ጊዜ ቢያፈርሰው ነፃነቱን አሳየ አይባልም። ሁለተኛ፣ ሕዝቡ በመጨረሻ ራሱ ያርመዋል የሚለው እውነት ሊሆን ይችላል፤ ስዊሶች በ1973 የገዳሙን ክልከላ ራሳቸው ሽረዋልና። ነገር ግን በአሥር ዓመቱ ከትምህርት ቤት የተባረረ ሕፃን 99 ዓመት መጠበቅ አይችልም። የብዙኃን ጊዜ ረጅም ነው፤ የአንድ ሰው ዕድሜ ግን አጭር ነው። ሦስተኛ፣ ብዙኃን የሚባለው ራሱ ማን እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል። በ1874ና በ1893 በስዊስ ድምፅ የሰጡት ወንዶች ብቻ ነበሩ፤ ሴቶች በአገር አቀፍ ጉዳይ ድምፅ የመስጠት መብት ያገኙት በ1971 ነው። እንግዲህ ያን ጊዜ የሕዝብ ፈቃድ የተባለው የሕዝቡን እኩሌታ እንኳ ሳይጠይቅ የተወሰነ ነበረ።

በኢየሩሳሌም የመስቀሉን መንገድ የሚከተል ተሳላሚ ይህን ነገር ከማንኛውም የሕግ መጽሐፍ አስቀድሞ ያውቀዋል። ከመንገዱ መነሻ ላይ የቆመው ዳኛ በተከሳሹ ላይ ጥፋት አላገኘም፤ አለማግኘቱንም ተናገረ። ከዚያም የተሰበሰቡትን ጠየቀ፤ የበረታውንም ድምፅ ተከተለ፤ እጁንም ታጠበ። የዚያ ታሪክ ትምህርት በማንም ወገን ላይ ለመፍረድ አይደለም፤ ሕዝብ በየትም አገር ሊታወክ ይችላል። የዳኛው በደል ግን የተለየ ነው፤ ድምፅ የማይቈጠርበትን ነገር ድምፅ እንዲቈጠርበት አደረገ። የኦሪትም ሕግ በዘጸአት በ23ኛው ምዕራፍ ብዙ ሰው ተከትሎ ፍርድን ማጣመም የከለከለው ስለዚህ ነው።

የገዳም ሥርዓትም የሚያስረዳው ነገር አለ። ገዳም በማኅበር ይተዳደራል። ስለ እርሻው፣ ስለ ጐተራው፣ ስለ ሕንፃው እድሳት ማኅበሩ ተሰብስቦ ይመክራል፤ የማይስማማውም መነኩሴ ለውሳኔው ይታዘዛል። ነገር ግን የአንድ መነኩሴ ኑዛዜ ለማኅበር ድምፅ አይቀርብም። ያ በእርሱና በነፍስ አባቱ መካከል፣ ከዚያም በላይ በእርሱና በፈጣሪው መካከል ያለ ነገር ነው። ማኅበሩ ይህን ቢጠይቅ ሥልጣኑ አይሰፋም፤ ማኅበርነቱ ይፈርሳል። መንግሥትም እንዲሁ ነው። ስለ መንገድ፣ ስለ ግብር፣ ስለ ጦርና ስለ ትምህርት ቤት ሕዝቡ ይቈጠር፤ ስለ ኅሊና ግን አይቈጠር።

ይህ ሲባል የሃይማኖት ነፃነት ገደብ የለውም ማለት አይደለም። በሃይማኖት ስም ሰውን መጉዳት፣ ልጅን ከሕክምና ከልክሎ ለሞት መስጠት፣ ሴትን ያለ ፈቃድዋ ማጋባት፣ ሌላውን ከእምነቱ በግድ ማስወጣት ነፃነት ሊባል አይገባም። የከተማም ደንብ ስለ ሕንፃ ቁመትና ስለ ድምፅ ማጉያ ሊወስን ይችላል። መለያው ሦስት ጥያቄ ነው። ሕጉ የሚከለክለው ነገር በእውነት ሌላውን ሰው ይጐዳልን? ሕጉ ለሁሉም እኩል ነውን ወይስ አንዱን በስሙ ጠርቶ ይለያል? የሚበዙት ነገ የሚያንሱት ቢሆኑ ይህን ሕግ በራሳቸው ላይ ይቀበሉታልን? የቫንገን ማማ በሦስቱም ጥያቄ ቢመዘን የሚከለከልበት ምክንያት አይገኝም። የ1893ቱ ክልከላ ግን በመጀመሪያው ጥያቄ ላይ እውነተኛ ክርክር አለው፤ የእንስሳ ስቃይም ስቃይ ነውና። ስለዚህ መልሱ ሁልጊዜ ቀላል አይደለም፤ ነገር ግን ጥያቄው ሳይጠየቅ ድምፅ ብቻ ተቈጥሮ መወሰን የለበትም።

ሦስተኛው ጥያቄ በተለይ ለኢትዮጵያዊ ምእመን የቀረበ ነው። በ1994 የጸደቀው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በ11ኛው አንቀጽ መንግሥትንና ሃይማኖትን ለይቷል፤ በ27ኛውም አንቀጽ የእምነት ነፃነትን አረጋግጧል። የመብቶቹንም ምዕራፍ ለማሻሻል የክልል ምክር ቤቶች ሁሉ መስማማትና የሁለቱ የፌዴራል ምክር ቤቶች የሁለት ሦስተኛ ድምፅ እንደሚያስፈልግ 105ኛው አንቀጽ ይደነግጋል። ይህም ተራ የድምፅ ብልጫ እንዳይደርስበት የተሠራ አጥር ነው። በአገሩ ከሚበዙት ወገን የሆነ ክርስቲያን ይህ አጥር ለሌሎች የተሠራ ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን ያው ክርስቲያን በስደት አውሮፓ ሲደርስ፣ ለሥራም ወደ ዐረብ አገሮች ሲሄድ ከጥቂቶቹ አንዱ ይሆናል፤ ለጸሎት የሚከራየው አዳራሽና የሚጾመው ጾም በጎረቤቱ መልካም ፈቃድ ላይ ያርፋል።

ይልቁንም ወደ ኢየሩሳሌም የመጣ ተሳላሚ የኢትዮጵያን መነኰሳት ቁጥር ከሌሎቹ ጋር ያነጻጽር። በ1852 በቱርክ ሱልጣን ዐዋጅ የጸናው፣ ስታተስ ኮ የሚባለው የቅዱሳት መካናት ነባር ሥርዓት ከዲሞክራሲ የተወለደ አይደለም፤ ጠብንም አላስቀረም። ነገር ግን በዚያ ሥርዓት የአንድ ማኅበር መብት በምእመናኑ ብዛት አይመዘንም። በብዛት ቢመዘን ኖሮ በጎልጎታ አጠገብ በግእዝ የሚጸለይ ጸሎት ዛሬ ይሰማ ነበርን?

እንግዲህ የሃይማኖት ነፃነት ብዙዎች ለጥቂቶች የሚሰጡት ምጽዋት አይደለም። ሕገ መንግሥትም ይጽፈዋል፣ ፍርድ ቤትም ይጠብቀዋል፤ ሁለቱም ግን ብቻቸውን አይበቁም፤ ሕገ መንግሥት በድምፅ ሊሻሻል፣ ዳኛም ሊሳሳት ይችላልና። የመጨረሻው ጠባቂ ድምፅ ለመስጠት ወደ ሣጥኑ የሚቀርበው ሰው ነው፤ ወረቀቱን ከማጠፉ በፊት ይህ ነገር በእውነት በእኔ ድምፅ የሚወሰን ነውን ብሎ ራሱን የሚጠይቀው ሰው። እንዲህ ያለው ሰው በበዛበት አገር ጥቂቶቹ በሰላም ያድራሉ፤ ብዙኃኑም በቁጥራቸው አያፍሩም።